ስልሳ ኦም

ሩስታቪ ዳርቻ፣ ከብረት ፋብሪካው ጀርባ፣
ጋራዤ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሳያንኳኳ ገባ።
ባዱር ባልዲውን ከሚንጠባጠበው ሥር ሲያኖር
ጺሳና ቆማለች፣ ትከሻዋ ዱቄት፣ ዓይኗ ጦር።

«ኖዳር፣ ደግሞ ሞተች! ድልድዩ መሀል ቀጥ አለች፤
መብራቷ ሁሉ በራ፣ እንደ ሠርግ ቤት ደመቀች፤
ፍጥነቱ ዜሮ ወረደ፣ መሪው ሆነብኝ ድንጋይ፤
ጠዋት ግን ደህና ናት፣ ደረቅ ከሆነ ሰማይ።»

ሦስት መካኒክ ፈታታት፤ ሦስት ዕቃ ተቀየረ፤
ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቀም ነበረ።
አንዱ የፍሬኑን ሳጥን፣ አንዱ የመሪውን፣
ሦስተኛው ጨረሰባት ለጥርሷ ያስቀመጠችውን።

መኪናዋን አውቃታለሁ። በመርከብ ነው የመጣች፣
ከሩቅ አገር ጎርፍ ተርፋ በፖቲ ወደብ የወጣች፤
ምንጣፏ ሲገለጥ ዛሬም ባሕር ባሕር ይላል፤
ሽቦ የጠጣውን ጨው መች ቶሎ ይረሳል?

ባዱር ስካነሩን ሰካ። የክስ መዝገብ ተዘረጋ።
ፍሬኑ፦ «ሞተር አይሰማኝም፣ ከጠፋ ሰነባበተ።»
ኤርባጉ፦ «ፍሬንን ጠራሁት፤ አቤት አላለም።»
መሪው፦ «እኔ አለሁ፤ ከኔ በቀር ማንም የለም።»
ካምቢዮው፦ «ሁሉም አኮረፉኝ፤ ምን በደልኳቸው?»
አሥራ አራት ምስክር፤ ጣታቸው ሌላው ላይ ነው።
«ጥፋቱ የኔ» ያለ አንድ ሳጥን አላየሁም፤
ኮድ የጠፋውን ይጠራል፣ ያጠፋውን አይልም።

«የሞተሩን ኮምፒውተር እንቀይር?» አለ ባዱር።
«ካቻቢቴውን አስቀምጥ። ባትሪውን ንቀል። ቁም።
ሁለት ሽቦ ናቸው፣ እንደ ሹሩባ የተገመዱ፣
አንዱ ከፍ ሲል አንዱ ዝቅ፣ በልዩነት የሚዋደዱ፤
ቃሉ በመሀላቸው ነው፣ በሚራራቁበት ልክ።
በየጫፋቸው ዘብ አለ፣ መቶ ሃያ መቶ ሃያ፤
ሁለቱም በቦታቸው ከሆኑ፣ ስልሳ ታነባለህ።
መቶ ሃያ ካነበብክ አንዱ ዘብ ጥሎ ሄዷል፤
ወደ ዜሮ ከወረደ ሽቦው ከሽቦ ተሳስሟል።»

ለካን። ስልሳ። ንጹሕ ቁጥር፣ ደረቅ ቁጥር።
ባዱር ፊቱ ወደቀ። እኔ ጣራውን እሰማ ነበር።

ሶኬት በሶኬት ነቀልን፤ ሬዲዮውን፣ ወንበሩን፣ የኋላ ካሜራውን።
ስልሳ። ስልሳ።
ከዚያ ከባልዲው በጣሳ ቀድቼ
በሹፌሩ እግር ሥር፣ ምንጣፉ ላይ አፈሰስኩ።
ጺሳና «አብደሃል?» አለች።
ቁጥሩ ተነቃነቀ።
ሃምሳ ሁለት። አርባ አራት። ሠላሳ ሰባት።

ምንጣፉን ገለጥኩ።
ሹሩባው የተፈታበት፣ አንድ ጣት የምታህል ቦታ፤
አረንጓዴ ዝገት፤
በላዩ ጥቁር ቴፕ፣ ወደ ግራ የተጠቀለለ፣
ጫፉ ሁለት ጊዜ የታጠፈ።
እንደዚያ የሚያጥፍ እዚህ ከተማ አንድ ሰው ነው፣
አውራ ጣቱን ለፋብሪካው ማሽን የሰጠ።

ከመርከብ በወረደች ሳምንት ነው። ሻጩ «ለነገ» ብሎኝ፣
ስታኞ አልቆብኝ፣ «ይህ ለጊዜው ነው» አልኩ።
ጊዜው አራት ዓመት ሆነ።

ባዱር ቴፑን አየ። ጣቴን አየ። ዝም አለ።
በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤
ጨው ግን ይገባል።

ቆረጥኩ። እስከ ቀዩ መዳብ ላጥኩ። ስታኞ አቀለጥኩ።
ገመድኩ፣ እንደ ጥንቱ፣ ጠበቅ አድርጌ።
በጣሳ ደግሜ አፈሰስኩ፤
ስልሳ፤ ቅንጣት አልተነቃነቀም።

ጺሳና ቦርሳዋን ከፈተች። «ስንት ነው?»
አሥራ አራቱም ሳጥኖች ጆሯቸውን ያቆሙ መሰለኝ።
«ቴፑ የኔ ነው» አልኳት።

ቦርሳዋን አልዘጋችም። ጉንጯን በመዳፏ ያዘች።
«ጥርሴስ?»

ለዚህ መለኪያ የለኝም።
በዝናቡ ሄደች፤ የምትክቫሪን ድልድይ እስክትሻገር አዳመጥኩ፤
ሞተሩ አልተቆረጠም።
ባዱር ጠመኔ አንስቶ ግድግዳው ላይ ጻፈ፦
ኖዳር፣ ጥርስ፣ በየወሩ።
ከሥሩ፣ እጁን ለማለማመድ ይመስለኛል፣
ስልሳ።