ቅዳሜ፣ ከግንፍሌ ድልድይ ሥር

ዓመት ሙሉ ወንዝ በጠመኔ ሣልኩ፣
ምንጩን በሰማያዊ፣ ዳሩን በነጭ ኳልኩ፤
«ይኼ ዋናው ነው፣ ይኼ ደግሞ ገባር» እያልኩ፣
ደወል ሲደወል አጥፍቼው፣ ሌላ ክፍል ዋልኩ።

ከመስኮታችን ሥር፣ መቶ ርምጃ ሳይሞላ፣
ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣ በጥቁር ነጠላ፣
ግንፍሌ ታልፋለች የሰፈር ፌስታል አዝላ።
ስሟ የወጣላት መገንፈል ስታውቅበት፤
ዛሬ የሚገነፍል ሽታዋ ነው፣ በጋና ክረምት።

አንድ ቀን ትርሲት ከኋላ ወንበር ተነሣች፦
«ቲቸር፣ ይኼ የሣሉት ወንዝ የት አገር ነው?» አለች።
ክፍሉ ሣቀ። ጠመኔዬን በጣቴ ሰበርኩ፤
መልሱ በመስኮት ይሸት ነበር፤
መስኮቱን ዘጋሁና ያልሰማ መሰልኩ።

ሌሊቱን ግን ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሣኝ፤
በተውሶ ቦቲ፣ ከአሥራ አራት ልጅ ጋር፣
ቅዳሜ ድልድዩ ሥር አገኘኝ።
የያዝነው ደብተር፣ ክር ያሰርንበት ጠርሙስ፣ ማቅረቢያ መነጽር፣
አንድ ዓይኑ የተሰነጠቀ፣ አንዱን ሁለት አድርጎ የሚቆጥር።
«ወፍ እንቆጥራለን» አልኩ። ቆጠርን፦ ቁራ፣ ቁራ፣
አንድ ጋጋኖ ጮኻ አለፈች፣ ደግሞ ቁራ፤
ሽቦ ላይ ጥቁር ፌስታል ነበር፣ ነፋስ ሲነካው የሚያጨበጭብ፣
ቶሎሳ «ወፍ ነው» ብሎ ተከራክሮበታል፣ እስኪርብ።

ከማዶ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣
ነጂብ ሚኒባስ ያጥባል፣ ባልዲ አንጠልጥሎ፤
አረፋው ተሰልፎ ወደ ወንዙ ይወርዳል።
«ልጄ» አልኩት በቲቸር ድምፅ፣ «ይኼ ሳሙና ዓሣ ይገድላል።»
«የቱን ዓሣ?» አለኝ። «እኔ ከተወለድኩ ዓሣ አላየሁም፤
እናንተ ግን ቁራ ስትቆጥሩ፣ ያለውን አላያችሁም።»

ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠበት።
ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ በአገጩ አሳየን፣
ከተናደው ግንብ ሥር፣ ግራዋው አጠገብ፣ ቀዳዳ አየን።
ዝም አልን። ስምንት ዓመት በቁጣ ያልመጣልኝ ዝምታ፣
በአንድ አጣቢ ልጅ ጣት ወረደ በእርጋታ።
ከዚያ
አንድ ሰማያዊ ነገር ከግንቡ ተወንጭፎ፣
ከጠመኔዬ ሰማያዊ በብዙ ዕጥፍ ገዝፎ፣
ብረት ላይ ቆመ፣ ፌንጣውን ግማሽ ቀርጥፎ።

«ዓሣ አጥማጅ ይባላል» አልኩ፤ መጽሐፉ እንዲህ ያውቃል።
«ዓሣው ሲያልቅ ሥራ ቀየረ» አለ ነጂብ፣
«አባቴም ልብስ ሰፊ ነበር፤ ዛሬ የሰው ሕንፃ ይጠብቃል።»

ትርሲት እስክሪብቶዋን እየነከሰች ጻፈች፤
«አስተማሪ» ከሚለው መስመር ላይ
የኔን ስም ሰርዛ የነጂብን አሰፈረች።
አየሁ። ዝም አልኩ። ትክክል ነበረች።

ሐምሌ ላይ ያለ ባነር፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ አርባ ችግኝ ተከልን፣
ወይራ፣ ኮሶ፣ ብሳና፤ በኃይላንድ ውሃ አመላለስን፤
ኬርያ ላንዳንዱ ስም አወጣች፣ ስንስቅባት እያኮረፈች።
አሥራ ሰባቱን ጎርፍ ወሰደ፤ ስምንቱን ለበዓል የመጣ በግ ጋጠ፤
አራቱን መንገድ የሚያሰፋ ዶዘር ዋጠ።
አሥራ አንዱ ጸደቁ።
ቋንቋችን ደግ ናት፤ ችግኝም ሰውም በአንድ ቃል ይጸድቃል፤
ችግኙ ግን ሳይጾም ሳይሰግድ፣ በጭቃ እግሩ ከኛ ይልቃል።

ነጂብ አሁንም ሚኒባስ ያጥባል፤ ኑሮ በአንድ ቅዳሜ አይታጠብም።
ጉድጓድ ቆፍሯል ግን፣ ጠጠርና ከሰል ሞልቶ፤
የሱ አረፋ ወንዝ አይገባም።
የጎረቤቶቹ ይገባል። «ፕሮፌሰር» ይሉታል፣ እየሣቁ፤
እሱም ይስቃል፤ ጉድጓዱን ግን አይደፍነውም።

ሰኞ ጠመኔ አነሣሁ፣ መስኮቱን በረገድኩ፤
ግንፍሌ በሽታዋ ገብታ ተቀመጠች ፊት ወንበር።
«ትርሲት» አልኩ፣ «የት አገር ነው ብለሽኝ ነበር?»
እሷ ግን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ
ወደ ድልድዩ ታይ ነበር።