የሦስተኛው ረድፍ አግዳሚ

ሆስፒታሉን ሲዘጉት አልጋውን ጭነው ሄዱ፤
መርፌውን፣ ሚዛኑን፣ አንድ ሳያስቀሩ ወሰዱ።
«ድንገተኛ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ብቻ ቀረ፣
ለማን እንደሚጮኽ ሳያውቅ ከግንቡ ተጣብቆ ያደረ።
ከእንግዲህ ምጥ የያዛት፣ ደረቱን የወጋው፣
ሰባ ማይል ይነዳል በሚሲሲፒ ጥጥ መሃል፣
ነዳጅ ያለው እንደሆነ፣ ልቡም ከጠበቀው።

ኤልሮይ ፕሩዊት ስኳር ነበረበት፤
ኑሮው ግን አንድ ቀን እንኳ አልጣፈጠለት።
አምባዛ ሲበልት ውሎ በፋብሪካ፣
ማታ ኢንሱሊኑን በዓይኑ እየለካ፣
ሙሉውን ትቶ ግማሹን ይወጋል፤
«የቀረው» ይላል፣ «ለመጋቢት ይሆናል።»

መጋቢት መጣ። ኤልሮይ አልመጣም።

እሑድ፣ በጥድ ኮረብታ ባፕቲስት፣ ከሦስተኛው ረድፍ ጥግ ላይ፣
ባርኔጣው የሚያርፍበት ቦታ ባዶውን ሲታይ፣
ፓስተር ታዴየስ ስብከቱን ጀምሮ አቋረጠው።
«ስለ ድኅነት» ነበር ርዕሱ የተጻፈው።
(ይህን የምለው እኔ ነኝ፤ እሱ ፊደሌን አያውቅም።
በእኔ ቋንቋ ድኅነትና ድህነት ለጆሮ አይለያዩም።
አንዲት «ኀ» ናት ድንበሩ፤ አፍ ሲጠራት ትጠፋለች፤
ነፍስ ዳነች ብለን ስንዘምር፣ ሥጋ ከደጅ ደኸየች።)

ያን ጊዜ ከኋላ ቬርኒስ ታልበርት ተነሣች፣
በተዘጋው ሆስፒታል ሠላሳ ዓመት ሌሊት ያስታመመች።
«ፓስተር፣» አለች፣ «አሜን ስል ጉሮሮዬ ደረቀብኝ፤
ኤልሮይን ሞት ሳይሆን የጠርሙስ ዋጋ ነው የነጠቀኝ።»

ማክሰኞ ማታ የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተከፈተ።
ሲስተር ኮንሶላታ የግፊት መለኪያዋን አንግታ መጣች፤
ረቢ ሊዮራ የሆስፒታል ዕዳ የተጻፈበትን ክምር ወረቀት
በፒንግ ፖንግ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።
ባለ ሱቁ ሐጂ ኑዕማን ማቀዝቀዣ ጭኖ ደረሰ፤
«ቢራ አልሸጥ፣» አለ፣ «እንዲሁ ባዶውን ሲያንኮራፋ ከረመ፤
ኢንሱሊን ይተኛበት፤» ብሎ ሶኬቱን ፈለገ።
ተጣልተዋልም። ስለ ጸሎቱ ተራ፤
ማን ይሁን ሳያውቁት ሾርባው ውስጥ ስለ ጨመረው የአሳማ ሥጋ፤
ስለማይወራ ሌላ ነገርም፣ በር ዘግተው፣ እስኪነጋ።
ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። ወረፋው መንገድ ይሻገራል።

ሕጉ ሊመከርበት በሆነ ዕለት፣ በጥር ዝናብ፣
አግዳሚውን ከወለሉ ነቅለው ስምንት ሆነው ተሸከሙት፣
እንደ አስከሬን በትከሻ፣ እስከ ምክር ቤቱ እብነ በረድ ደረጃ፤
ሐጂው ከፊት፣ ሲስተሯ ከኋላ፣ ረቢዋ ጫማዋ ውኃ ገብቶበት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ጠባቂው።
«ምስክር፣» አለች ቬርኒስ። «ስሙ ኤልሮይ ነው።»
«ዕቃ ከበሩ አያልፍም።»
«እንግዲያስ እዚሁ ይቁም። መቆም ለምዷል።»

ውስጥ፣ ስለ መድን ተነጋገሩ።
መድን ለእኔ ዋስ ነው፣ ስለ ሌላው የሚቆም፤
እነሱ ዘንድ ወረቀት ነው፤ ወረቀት የሌለው መድንም የለውም።
ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ፤ ምሳ ደርሷል።
«ለሚቀጥለው ጉባኤ፣» ተባለ። መዶሻው ወረደ።
ዓሣ ሲበለት እንዲህ ያለ ድምፅ አለው።

ሰዉ ጃንጥላውን ፍለጋ ሲበተን
ጠባቂው ቀረበ። አንሱት ሊል መስሏቸው
ስምንቱም ወደ አግዳሚው ጎንበስ አሉ።
ግራ ቀኙን አየ። ቆቡን አወለቀ፤
ከጥጉ፣ ባርኔጣው ከሚያርፍበት፣ ተቀመጠ፤
እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰበ።

ቬርኒስ ጨርቁን ጠመጠመችለት። ተነፋ፤ ተነፈሰ።
ዝናቡ ቁጥሩን እስክታነብ የጠበቀ ይመስላል።
«መቶ ሰባ ስምንት፣» አለች። «ልጄ፣ መድኃኒትህን ትወስዳለህ?»

«ግማሽ ግማሹን፣» አለ።