እንደ ራሴ

በአርባ ዘጠኝ ዓመት ምርጫ ሲታወጅ፣
ተነሣ አዛናው፣ የቀሃው ነገረ ፈጅ፣
ድምፁ እንደ ወፍጮ፣ ሻካራ ለወዳጅ።
ምልክት ሲያስመርጥ የምርጫው ጸሐፊ፣
አንዱ አንበሳ አለ፣ አንዱ ንስር ከናፊ፤
እሱ ከጋቢው ሥር አወጣና ቁና፣
«ይቺን ሣልልኝ» አለ፣ «ጠርዟን ሳታቃና።»

ሣቀ ቅዳሜ ገበያ፣ ሣቀ የአራዳው ጎራ፦
«ቁና ሸዋ ልትወርድ ነው፣ ተነሥታ ከእህል ተራ!»
ገባሩ ግን አልሣቀም።
ያውቃል፤ ሲበደር በአንዷ ነው፣ ሲከፍል በሌላ፣
የጌታ ቁና ሆዷ ሁለት፦
አንዱ ሲሰጥ የሚጠብ፣ አንዱ ሲቀበል የሚበላ።

አለፈ በመቶ አርባ ድምፅ። አባይ በረሃ ሲታይ
ጓዙ አውቶቡሱ አናት፣ ቁናዋ ጭኑ ላይ።
ሰባት ወር ዝም አለ በዚያ ሰፊ አዳራሽ፣
የቴምብር ቀረጥ ሲወድቅ፣ ሲነሣ፣ ሲበላሽ።
በስምንተኛው ቆመ፣ ቁናዋን አኖራት፦
«ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ይቺ የጎንደር ናት፤
ደምቢያ ሌላ አለች፣ ወገራም ሌላ አላት።
ሕጉ አንድ ነው ካልን፣ አንድ ልክ ይኑረን፣
በሰፈርንበት ቁና ነገ ሳይሰፍሩብን።»

ፀጥታ። ሳል። ወረቀት። «ለኮሚቴ ይመራ!»
ኮሚቴው ሻይ ጠጥቶ ተበተነ ለሥራ።
ቃለ ጉባዔው ላይ አንድ መስመር አለች፦
«የጎንደሩ እንደራሴ ስለ እህል ጥቂት ተናገሩ።»

በሁለተኛው ምርጫ ወደቀ።
ንስሩ ወጣ።

እኔ ያወቅሁት ከዚያ ወዲህ ነው፣ በፋሲል ግንብ ጥላ፣
ማመልከቻ ሲጽፍ በስሙኒ፣ ለተገፋ ሁላ።
ቀለም ያዡ ነበርኩ። አንድ የጭልጋ ሰው
«ለመሆኑ እንደራሴ ምንድነው?» ብሎ ጠየቀው።
የብዕሩን ጫፍ ነከሰ፤ ብዙ ቆየ።
«እንደ። ራሴ። ድሮ ሁለት ቃል ነበረ፣
በመካከሉ ሰው የሚገባበት በር ነበረ፤
ሸዋ ሲጽፉት ገጠሙት፣ በሩ ተቀረቀረ።»
ከዚያ «ስሙኒህን ያዝ» አለው፣ ወረቀቱን ዘርግቶ፤
«ስለ እሱ፣ እንደ ራሴ» ብሎ ፈረመ፣
ክፍተቱን ሰፋ አድርጎ ትቶ።

ሲሞት ከዕቃው ሁሉ ባለዕዳ ያልፈለጋት እሷን ነበር።
ጎረቤቱ ወይዘሮ ሙጪት ወሰዷት፣
ጭድ ጎዝጉዘው ዶሮ አስታቀፉባት።
አሥራ አንድ እንቁላል ያዘች፣
ጠርዟ እንደተጣመመ።

አሥራ አንዱም ተፈለፈሉ።