የባቡር ቋንቋ

ሳልሚያ፣ ሰባተኛ ፎቅ፤ ውጭው ሃምሳ ዲግሪ፣
ኮንዲሽነሩ ያጉረመርማል እንደ ሽማግሌ መካሪ።
ሚሻል በሆዱ ተኝቶ፣ ምንጣፉ ላይ ተዘርግቶ፣
ጉንጩን ከእንጨት ሃዲዱ ጋር አስማምቶ፣
አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ በአንዱ ብቻ ያያል፤
ከዚያ ዝቅ ብሎ ላየው፣ አሻንጉሊቱ ባቡር ያህላል።

ሦስት ዓመት ከመንፈቁ ነው።
ሁለት ፉርጎ አጋጠመ። ማግኔቱ እምቢ አለው፤
ሳይነካኩ ይሸሻሉ፣ እንደተኳረፈ ጎረቤት።
ገፋ። ጮኸ። አንዱን ወረወረው ከሶፋው ስር፣ ከጨለማው ቤት።
አልነገርኩትም።
የአባቱን ዲሽዳሻ እያጠፍኩ ዝም፤
እጁ እያሰበ ነው፣ በአፌ አልቀድመውም።
ዳኸ፤ አወጣው፤ አገላበጠው፤ ጀርባውን በፊቱ ቦታ—
ቀጭ!
ቤቱ ሁሉ የሰማ ይመስል ዞሮ አየኝ በደስታ።

ድልድይ ሠራ ከሁለት መጽሐፍና ከኔ ነጠላ ጫማ፤
ጫማው ሲከዳው በሳሙና ካርቶን ተካው፣ ማንንም ሳያማ።
ቁልቁለቱ ላይ ባቡሩ ሲፈተለክ፣ ሲገለበጥ፣ ሲወድቅ፣
ትራሱን ከስር አወጣ፣ አለዘበው፤ መምህሩ ያው መውደቅ።

እዚህ አገር ባቡር የለም። እኔ ግን የድሬ ልጅ ነኝ፤
አባቴ በፋኖስ፣ በመዶሻ፣ ሌሊት አብሮት ሲወስደኝ፣
የብረቱን ጎማ አንድ በአንድ እያንኳኳ ያዳምጣል፤
«ጤነኛው ይዘምራል» ይለኛል፤ «ስንጥቁ ግን ያስላል።»

ይህን ነገርኩት ለሚሻል፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጨዋታ።
አሁን የሻይ ማንኪያ ይዞ ይዞራል ጠዋት ማታ፤
ፉርጎ ያንኳኳል፣ የወንበር እግር፣ የፍሪጁን በር፣ የኔን ጉልበት፤
«ይሄ ያስላል» አለኝ።
አልዋሸም፤ የስድስት ዓመት ወለል አለበት።

ማዳም ለጢፋ ከቢሮ ገባች፤ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ እንዳለ
ቆመች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት»
ልጇ ፉርጎ ይቆጥራል እየቀጠለ።
«ምን ቋንቋ ነው?» አለችው። ደነገጥኩ፤ ልብሱ ከእጄ ወደቀ።
«የባቡር ነው» አላት ቀና ሳይል፤ ነገሩ አለቀ።

ተረከዛም ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፣
እንደ ልጅ፣ እግሯን አጣጥፋ። ሁለት ፉርጎ አነሳች፤
አንዱን ከአንዱ ልታስጠጋ፣
ሸሸባት። ደገመች። ሸሸባት።
ሚሻል ሊነግራት አፉን ከፈተ—
እኔን አየኝ—
ዘጋ።