ቁርጥ እናቷን

በተወለደች ዕለት፣ የካብራስ ጎረቤት
«ቁርጥ እናቷን!» አለ፣ ተሰብስቦ ከቤት።
አፍንጫዬን ወስዳ፣ ግንባሬን አስመስላ፣
አጭሯን አውራ ጣቴን በእጇ ላይ አብቅላ።
ደስ አለኝ፤ ሞኝ ነበርኩ። ማን ነግሮኝ ያን ጊዜ፣
ከመልኬ ሥር ገብቶ መውረዱን መዘዜ?
ከእኔ ግማሽ ስንጥር፣ ከአባቷም ግማሽ፣
ተገናኝቶ ደሟን አረገው ተንኮታኳሽ።

ሃያ ሰባት ዓመት፣ በየሦስት ሳምንቱ፣
ኦሪስታኖ ድረስ ባውቶቡስ በጠዋቱ፤
የማን እንደሆነ የማይታወቅ ደም በክንዷ ሲወርድ፣
እኔ ጠብታ ስቆጥር፣ ከባዕድ ስዛመድ።

ጥቅምት ላይ ተጠራን ካልያሪ ሆስፒታል፤
ዶክተር ዛይራ ማኒስ ድምፅዋ ቀስ ይላል፦
«ክሪስፐር ይሉታል፤ የዘረ-መል መቀስ፤
የደሟን እናቶች ወስደን፣ ቆርጠን የምንመልስ።
የተበላሸውን አይደለም የምንነካ፤
በሆድሽ እያለች የነበራት ደም ለካ
ተኝቶ ነው እንጂ አልሞተም፤ ዘበኛ
አለ የሚያስተኛው። እሱን ነው የምንቆርጠው እኛ።»

በሆዴ! ያኔማ ጤነኛ ነበረች ማለት፣
ያለ ማንም ደም፣ ያለ አንዳች ከረጢት።
ያወጣኋት እኔ ነኝ።

«ቁርጡን ንገሪኝ» አልኳት። ዝም አለች፤ ብዕሯን
ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ፣ አወለቀች መነጽሯን።
«መቀሱ የታዘዘውን ፊደል ይፈልጋል፤
መንታውን የመሰለ ካየ ግን፣ ሊስት ይችላል።
መቁረጡን እናውቃለን። የተቆረጠው ሲገጥም
እንዴት እንደሚገጥም፣ ሁልጊዜ አናውቅም።
ከሠላሳ ዓመት በኋላስ? ሠላሳ ዓመት ገና
አልኖርነውም» አለች። አንገቷን ቀና
አድርጋ ነው ያለችው። ስላልዋሸችኝ ወደድኳት፤
ስላልዋሸችኝም ደግሞ፣ ያን ሌሊት ጠላኋት።

አዲሱ እንዲገባ፣ አሮጌው መቅኒ ይቃጠላል፤
በመርዝ ይጠረጋል፤ ፀጉርም አብሮ ይሄዳል፤
ምናልባት ማህፀንም። ቦናሪያ ይሄኔ
መስኮቱን አየች እንጂ፣ አላየችም ወደኔ።

እኔ መረብ ሰፊ ነኝ። አንድ ቋጠሮ ሲበሰብስ
ትቆርጫለሽ፤ ትሰፊያለሽ፤ ትስቢያለሽ ቀስ በቀስ፤
ልክ ሆነ ስትይ፣ ከሦስት ክንድ ወዲያ
ያልነካሽው ዐይን ላልቶ፣ ዓሣው ይሾልካል በዚያ።
ማን ያየዋል ያንን? ሌሊት ነው፤ ውኃ ነው፤
ጠዋት መረብ ሲወጣ ነው ቀዳዳ የሚታየው።

ደግሞ ሌላ ነገር። ረግረጉ ሳይደርቅ በፊት፣
ወባ እዚህ ሐይቅ ዳር ስትዞር ቤት ለቤት፣
አያቴ ባሮሬ፣ ስድስት ወንድም ቀብሮ፣
«ቅዱሳን አዳኑኝ» ይል ነበር አቀርቅሮ።
ዛሬ ሲነግሩን ግን፣ ያቺው ግማሽ ስንጥር
ሳትሆን አልቀረችም የቆመችው ከበር።
እሱን ያቆየ ነገር፣ የልጅ ልጅ ልጁን ሊገድል?
እህስ፣ የቱን ፊደል ነው ስህተት ነው የምንል?

የእህቴ ልጅ ጋቪኖ ወሬ አመጣ ካገር ውጭ፦
«ሕግ ቢከለክልም፣ አለ አሉ ፅንስ ቆራጭ፤
ገና ጠብታ ሳለ! ዘር ማንዘሩ እንዲድን።»
ዘር ማንዘር? አልኩት። ከመካከላቸው ማንን
ጠይቆ? ያ ልጅስ፣ አድጎ መስታወት ሲያይ፣
ቁርጥ ማንን ሊሉት ነው፣ ቁርጥ መቀሱን ወይ?

የካቲት ላይ ልጄ፣ ጫማዋን እያሰረች፣
እንደዋዛ ነገር፣ «ቆርጫለሁ» አለች።

አሁን ከመስታወት ወዲያ፣ በነጭ ክፍል ውስጥ ናት።
ፀጉር የላትም። ቅንድቧም ረግፏል። ሳያት
የተወለደች ዕለት የነበራት ራስ ነው።
ቁጥሩ በየጠዋቱ ትንሽ ትንሽ ሲጨምር ነው፤
ነርሷ በጣቷ ስታሳየኝ ልቤ ይዘላል።
ከዚያ ይቀመጣል።
ማንን ትመስላለች? እኔን አይደለም። አባቷንም።
አዲስ ሰው ልል ነበር፤ አዲሱን ሰው አላውቅም።

ማታ ካብራስ ገባሁ። መብራት ሳላበራ፣ ዐይን ለዐይን፣
ከሰፋሁት ቦታ ሦስት ክንድ አልፌ፣
በጣቴ ዳበስኩት ያልነካሁትን።