ባለቤት ያጣ ግስ

በነጭ ጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፤
«ዲሴግሪጌት» አልኩ፤ ሃያ ስድስት ልጆች ተቀብለው አሉት።
ረጅም ግስ ነው፣ ምላስ ያደናቅፋል፤
ፊቱ ላይ ያለችው «ዲ» ግን ትንሽ ናት፤ «ፍታ» ማለት ይሆናል።
መዝገበ ቃላቱ «በዘር የተለዩትን ማቀላቀል፣ አጥሩን ማንሳት» ይላል።
እውነት ነው። ግን ፈቺው ቃል ገመዱን ሆዱ ውስጥ ይዞታል፤
«ሴግሪጌት» እዚያው ነው፣ አልወጣም፣ እግሩን አጥፎ ተኝቷል።

ትሬሞን እጁን አወጣ ከመስኮቱ ሥር፦
«አድራጊ ነው ወይስ ተደራጊ? ባለቤቱስ ማነው፣ ቲቸር?»

ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ።
አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ፤
የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ሚስተር ፕሩት፣ በስልሳ አራት፣ በሐምሌ ሙቀት፣
ባማረ የእጅ ጽሕፈት መዝገብ ላይ ያሰፈሩት፦
«የላርኪን ፌሪ የዋና ገንዳ ዲሴግሪጌት ተደርጓል።»
ተደርጓል።
ማሰሪያ አንቀጹ ጥብቅ ነው፣ ነጥቡም አራት፤
ባለቤት ግን የለበትም፣ ስንት ዓመት ገብቼ ብፈልግበት።

ያን ሳምንት አባዬ ከጎማ ጥገናው የትራክተር ከመነዳሪ አመጣ፤
ወንድሜ ሉሺየስ በአፉ ሲነፋው ዐይኑ ሊወጣ።
እናቴ ከመጋረጃ ትራፊ ቢጫ የዋና ልብስ ሰፋችልኝ፤
ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ብብቴን ይበላኛል፣ ግን አማረብኝ።

ሰኞ ጠዋት ስንደርስ ገልባጭ መኪኖቹ ቀድመውናል።
ቀይ አፈር፣ ከወንዙ ዳር የተዛቀ፣ ከነሥሩ ይወርዳል፤
ውኃው ቀላ፣ ወፈረ፣ ጭቃ ሆነ፣ ዝም አለ።
ነጭም አልዋኘ፣ ጥቁርም አልዋኘ፤
በመዝገቡ መሠረት ማንም ከማንም አልተለየ፣ ማንም አልተበደለ።
ሰዋስው አልተጣሰም፣ ግሱ ቦታው ገብቷል።

ከሽቦው ማዶ አንዲት ነጭ ልጅ ፎጣዋን አቅፋ ቆማለች፤
አየችኝ፣ አየኋት። አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጧል።
በዚያ ገንዳ አብረን የሆንነው ያኔ ነው፤
ሁለት ደረቅ ፎጣ ይዘን፣ ሞተሩ እስኪጠፋ።

ሉሺየስ ዋናን ወንዝ ላይ ተማረ።
ግማሹን።

ይህን ሁሉ ለትሬሞን አልነገርኩትም። «አርቡት» አልኩ ብቻ፤
በኀላፊ፣ በአሁን፣ በትንቢት፤
ደብተር ተገለጠ፣ አንገት ተደፋ።
ደወሉ ሲደወል ግን በእግር ወሰድኳቸው።
ሣሩ እዚያ ላይ ይለመልማል፣ በገንዳው ልክ፣ በአራት ማዕዘን፤
ሁለት የብረት እጀታም ከመሬቱ ወጥተዋል፣ የመሰላሉ ጫፍ፣
በስንቱ ዘመን ማንም ነቅሎ ያልወሰዳቸው።

ትሬሞን ብረቶቹን ጨበጠ፤ ጀርባውን ሰጥቶ፣
እንደሚወርድ ሰው አንድ እግሩን ወደ ኋላ ዘርግቶ።
«ውኃው ይቀዘቅዛል?» አለችው ኬንድራ።
«ቆይ» አላት፤ «ገና አልነካሁትም።»