ባለ ብሩሹ ችካል

ከፒያሳ ገዛሁት፣ ከሰዓት ሠሪው በር ማዶ፣
ስድስት ፍሬ ቲ፣ የወር አጋማሽ ኪሴን አስቀርቶ ባዶ።
አናቱ ላይ ብሩሽ አለው፣ ገና ጥርስ ያልነካ፤
ኳሷ እላዩ ጉብ ስትል፣ ሹመት ያገኘች ትመስላለች ለካ!
«ሰበቃ ይቀንሳል» ይላል ጀርባው ላይ የተጻፈው፤
«አሥራ ሁለት ሜትር ጨምር፤ ኳስህን ቀጥ አድርገህ አሳልፈው።»
ለባለቤቴ ዋጋውን ስነግራት ግማሹን ዋጥኩት፤
በግማሹም ቢሆን ሳምንት ሙሉ ኩርፊያዋን ጠጣሁት።

ሜዳችን ካዛንችስ ነው፤ ከባንኩ ጀርባ፣ ሰባተኛ ፎቅ ጣሪያ ላይ፤
አንዲት አረንጓዴ ምንጣፍ፣ አንድ መረብ፣ የቀረው ሰማይ።
በምሳ ሰዓት እንወጣለን፣ ከራቫት ትከሻ ላይ ተጥሎ፣
ሽሮውን በጥድፊያ ውጦ፣ አለቃውን በስብሰባ አታሎ።
ኳሷ ሃያ ክንድ ሳትሄድ መረቡ ይውጣታል፤
የቀረውን መንገድ መቺው በልቡ ይሞላላታል።
እንግዲህ አሥራ ሁለቱ ሜትር የት ተዘርግቶ ይለካል?

ጋሽ ጉርሜሳ ኳስ ይለቅማል። ሠላሳ ዓመት የሰው ቦርሳ ተሸክሞ፣
ግራ ትከሻው አዘንብሎ ቀርቷል፣ ባዶ እጁን እንኳ ቆሞ።
ቲዬን በሁለት ጣት አንስቶ፣ ወደ ፀሐይ አዙሮ አየው፤
«ችካል ናት» አለ። «ፂም ያበቀለች።» ሳቁን በሳል ሸፈነው።
«እኛ በቆርኪ ነው የተማርነው፤ የለስላሳ ቆርኪ ገልብጠን፣
ጌቶች ምሳ ሲገቡ፣ ከባሕር ዛፉ ኋላ ተሰልፈን።
ዋንጫም ነበረን፤ ያሸነፈ አንድ ጠርሙስ ይጠጣል፣
ክዳኑ ለነገ ጨዋታ ኪሱ ይገባል።»

ሐሙስ ዕለት ሙከራ ሆነ። አሥር በብሩሹ፣ አሥር በእንጨቱ፣ አሥር በቆርኪ፤
መዝጋቢ ትብለጽ፣ ከሒሳብ ክፍል፣ ሁሉን ጠያቂ፣ ሁሉን ነካኪ።
መረቡ መሃል ቀይ ጨርቅ አሰርን፤ የነካ ይጻፋል።
ብሩሹ አራት። እንጨቱ አራት። ቆርኪው ሦስት፤ አንዱ ያከራክራል።
ደገምን።
ብሩሹ ስድስት! ዘለልኩ፤ «ያውላችሁ!» ብዬ አጨበጨብኩ።
ደገምን።
ብሩሹ ሁለት። ውኃ ጠየቅኩ፤ ፀሐይዋን ወነጀልኩ።
ትብለጽ እስክሪብቶዋን ከደነች። «ይሄ የቲ ቁጥር አይደለም፣
ያንተ ነው። ስትስቅ ይወጣል፣ ስትናደድ ይወርዳል፤ ሌላ ምሥጢር የለም።»

ልዋሽ አልፈልግም፤ አንድ ነገር አለው፤ ቁመቱ አንድ ነው ሁሌ፤
እንጨቱን አንዴ አሰጥመዋለሁ፣ አንዴ አቆመዋለሁ፣ እንደ አመሌ።
«ለዚያማ» አለ ጋሽ ጉርሜሳ «እንጨቱ ላይ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ይበቃል።
ይልቅ ዋጋውን እያሰብክ፣ እንዳይሰበርብህ እየሳሳህ፣ ክንድህ ይጨመቃል።
ልጄ፣ ችካሏ ምን አደረገች? ችክ ያልከው አንተ ነህ።
ጉልበትህን አላላ፤ ምታ፤ ከዚያ ዕዳው የኳሷ ነው፣ ምን ቸገረህ?»

ያን ቀን ቦርሳዬን ዘግቼ፣ ከጣሪያው ጫፍ አብረን ቁልቁል አየን፤
የፈረሰው ሰፈር ሜዳ ሆኗል፤ ጉድጓድና ባንዲራ ብቻ ነው የጎደለን።
ቀያሾች ቢጫ ሰደርያ ለብሰው፣ ቀይ ጫፍ ያለው ችካል ይዘዋል፤
ይለካሉ፣ ያጎነብሳሉ፣ በእጅ ይጠራራሉ፤ መዶሻው ዘግይቶ ይሰማል።
«ከግራ ሦስተኛዋን አየሃት?» አለኝ። «እዚያ ላይ ጓዳችን ነበረች።
ችካል ነገር ይለውጣል ወይ ብለህ ስትጠይቅ ከረምክ፤
ያቺኛዋ ለወጠች።»
ከዚያ ባልዲውን አንስቶ፣ ኳሱን ሊለቅም ሄደ።
ሊፍቱ ከነጩኸቱ መጣ፤ ከነዝምታዬ ይዞኝ ወረደ።

ከስድስቱ አንዱ ተሰበረ፤ ሁለቱ መረብ ሥር ቀሩ፤
አንዱን ልጄ የአሻንጉሊቷ ማበጠሪያ አደረገችው፤ አማረ ፀጉሩ።
አምስተኛው ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው፤ ስብሰባ ሲረዝም በአውራ ጣቴ እዳብሰዋለሁ፤
ከሊቀ መንበሩ አናት አሥራ ሁለት ሜትር ወዲያ ኳስ ሳሻግር እውላለሁ።
ስድስተኛውን ጋሽ ጉርሜሳ ወሰደው። የትንሿን ሬዲዮ አቧራ
ከድምፅ ማጉያው ቀዳዳ ጠረገበት፤ ጆሮውን አስጠጋ፤ ጠራ።
«ለዚህስ» አለኝ «እውነትም ወደር የላት።»